ከጣሪያችን የሚወርደው ውሃ የማን ነው?

ምስጋና ሁሉ ዝናብን በልኩ አውርዶ የደረቀችን ምድር ለሚያለመልመው ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ስለ ሐላልና ሐራም ስንነጋገር ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የምንበላው ሥጋ፣ የምንሸጠው ዕቃ፣ የምንበደረው ገንዘብ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከቤታችን ጣሪያ ተንደርድሮ በጎረቤታችን አጥር ሥር ስለሚገባው የዝናብ ውሃ ራሳችንን ጠይቀን እናውቃለን? ውሃው ከሰማይ የመጣ ነው፤ እኛ አላዘነብነውም። ጣሪያው ግን የእኛ ነው። ግቢውን በሲሚንቶ የለበጥነውም፣ በአጥሩ ጥግ የነበረውን ዛፍ የቆረጥነውም እኛው ነን። ታዲያ ያ ውሃ ከታች ያለውን የጭቃ ቤት ግድግዳ ቢያፈርስ፣ ነገሩ የአላህ ቀደር ነው ብለን እናልፈዋለን ወይስ እኛም የምንጠየቅበት ድርሻ አለን?

ጥያቄው ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው። የከተሞቻችን የነገ ዕጣ ግን በዚህ ትንሽ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ አብረን እናስብበት ዘንድ እንጋብዛችኋለን።

ዝናብ የማይሰስትበት አገር

ለነገራችን ምሳሌ እንዲሆነን ወደ ኢሉባቦር እንሂድ። መቱ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሶር ወንዝ አካባቢ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከፍ ባለው ስፍራ ላይ የቀድሞዋ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ጎሬ ትገኛለች። በምሥራቅ በኩል ሁሩሙና ያዮ፣ ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ሥር ያለችው በደሌም አሉ። ይህ አካባቢ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። በጎሬ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል፤ በአዲስ አበባ የሚወርደው 1200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሌላው አገር ዝናብ ሲጠብቅ ኢሉባቦር ላይ ዘንቦ፣ ሌላው አገር ሲያባራ ኢሉባቦር ላይ ገና ይዘንባል።

እስቲ አንድ ቀላል ሒሳብ እናስላ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። የአንድ ቤተሰብ ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ 60 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከዚያ ጣሪያ ላይ ብቻ 3000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር በርሜል 15 በርሜል ውሃ ይወርዳል። በከተማው ላይኛው ሰፈር እንዲህ ያለ 1000 ቤት ካለ፣ ሦስት ሚሊዮን ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ ታችኛው ሰፈር ይንደረደራል ማለት ነው። ይህ እንግዲህ መንገዱንና ግቢውን ሳንቆጥር ነው።

ቀድሞ ይህ ውሃ የት ይገባ ነበር? የጫካው ቅጠል ጠብታውን ተቀብሎ ያዘገየው ነበር። የበሰበሰው ቅጠልና ለስላሳው አፈር ይመጠው ነበር። የተረፈው ቀስ ብሎ ወደ ሸለቆው ወርዶ በረግረጉ ውስጥ ያርፍ ነበር። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ግን ማረፊያ አይሰጡትም። ቆርቆሮው በረከት ነው፤ ከእሳትና ከመፍሰስ ያሳርፋል፤ ማንም ወደ ሣር ክዳን ተመለሱ አይላችሁም። ነገር ግን የውሃውን ማረፊያ የወሰደ ሰው ሌላ ማረፊያ ያዘጋጅለት ዘንድ አይገባውምን?

አየሩም እንደ ቀድሞው አይደለም

ሽማግሌዎቻችን ወራቱ ተዛንፏል ሲሉ የምንሰማው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰው ልጅ ከመቶ ዓመት በላይ ባቃጠለው የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ፣ በመነጠረውም ደን ምክንያት የዓለም ሙቀት ከ1 ዲግሪ በላይ ጨምሯል። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት የመያዝ ዐቅም ያገኛል። ይህ እንፋሎት ሲወርድ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ በብዙ ሥፍራ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ባይጨምር እንኳ አንዱ ዶፍ የበረታ፣ በመካከል ያለውም ደረቅ ጊዜ የከረረ ይሆናል። ክረምት ላይ ጎርፍ፣ በጋ ላይ የምንጭ መድረቅ የአንድ ነገር ሁለት ፊቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች እኛ ምን በደልን ይሉ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። ኢትዮጵያ ወደ አየር የምትለቀው ጢስ ከዓለም ድርሻ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ፋብሪካና አውሮፕላን ያበዙት ባለጠጎች ያሞቁትን አየር፣ አምፖል እንኳ በቅጡ ያላገኘው ገበሬ ይከፍልበታል። ይህ ግፍ ነው፤ ግፍ መሆኑንም በዓለም ጉባኤ ላይ መናገር ይገባል። ሆኖም ግፉን መናገራችን ከጣሪያችን የሚወርደውን ውሃ አያቆመውም። የተበደለ ሰው መብት አለው፤ ግዴታውም ግን አብሮት ይኖራል። ሌላው በደለኝ ብሎ ከታች ያለውን ጎረቤቱን መበደል የሚችል የለም።

ጨፌ፦ ማንም ያልገነባው ግድብ

በዛሬ ዘመን የከተማ መሐንዲሶች አረንጓዴ መሠረተ ልማት የሚሉት ነገር አለ። ቃሉ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። መንገድና ቱቦ መሠረተ ልማት እንደሆኑ ሁሉ፣ ዛፍ፣ ሣር፣ የወንዝ ዳርና ረግረግም ከተማን የሚያገለግሉ መሠረተ ልማቶች ናቸው ማለት ነው። ጥላ ይሰጣሉ፤ ውሃ ይይዛሉ፤ ያጣራሉ፤ አፈር ይጠብቃሉ።

ኢሉባቦር ይህን ከመሐንዲሶቹ በፊት ያውቀዋል። በየሸለቆው ግርጌ ያለውን ረግረግ ሕዝቡ ጨፌ ይለዋል። ከዚያ የሚታጨደው ቀጤማ ቤት ይከደንበታል፤ ለዒድ፣ ለኒካሕና ለቡና ወለል ላይ ይጎዘጎዛል። ሴቶች እህቶቻችን ለመጠጥ የሚቀዱት ምንጭ በጨፌው ጠርዝ ላይ የሚፈልቅ ነው። ጨፌው የክረምቱን ውሃ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ይይዝና በበጋው ቀስ እያለ ይለቀዋል። በላይኛው ሰፈር ዶፍ ሲወርድ የታችኛው ሰፈር በጎርፍ የማይወሰደው፣ በጥር ወርም ምንጩ የማይነጥፈው በዚህ ምክንያት ነው። ጨፌ የሚለው ቃል ደግሞ ሕዝብ ተሰብስቦ በጋራ ጉዳዩ ላይ የሚመክርበትን ጉባኤ ያመለክታል፤ የኦሮሚያ ምክር ቤትም በዚሁ ስም ይጠራል። ውሃ የሚያርፍበትና ሕዝብ የሚመክርበት በአንድ ቃል መጠራታቸው ልብ ላለው ሰው ትምህርት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2000 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ አገሩ የሐደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን የኢሉባቦር ረግረጎች አጥንተዋል። ያገኙትም ነገር ሚዛናዊ ነው። ገበሬው በጨፌው ውስጥ በቆሎ ሲዘራ ኖሯል፤ ጎተራው በሚራቆትበት ወቅት ቶሎ የሚደርሰው ይህ በቆሎ ቤተሰቡን ያሻግረዋል። በጥንቃቄ የታረሰ ጨፌ፣ የራስጌው ቀጤማ ያልተነካ፣ ከመኸር በኋላ ቦዩ ተደፍኖ ውሃው የተመለሰለት ጨፌ ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ሙሉ በሙሉ ደርቆ ያለ ዕረፍት የታረሰው፣ ከዚያም ከብት የተለቀቀበትና ባህር ዛፍ የከበበው ጨፌ ግን ጠንክሮ ደርቋል። ምንጩ ሸሽቷል፤ ቀጤማው ጠፍቷል። ከተማ ሲሰፋ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። ባዶ የሚመስለው ረግረግ በአፈር ይደለደልና ቤት ይሠራበታል፤ ወይም የቆሻሻ መጣያ ይሆናል። ውሃው ግን ቦታውን አይረሳም። በአንዱ ክረምት ተመልሶ ይመጣል።

በደለኛው ማን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ አሁን ወደ ጥያቄያችን ልብ ደርሰናል። ከታችኛው ሰፈር አንድ ቤት በጎርፍ ሲወሰድ ወንጀለኛው ማን ነው? የላይኛውን ሰፈር አንድ በአንድ ብትጠይቁ ሁሉም ንጹሕ ነው። አንዱ ቤቱን በቆርቆሮ ከደነ፤ ሌላው ግቢውን ከጭቃ ለማዳን ሲሚንቶ አፈሰሰ፤ ሦስተኛው ለልጁ ትምህርት ቤት መክፈያ ዛፉን ሸጠ፤ አራተኛው አንድ ፌስታል ወደ ቦዩ ጣለ። የእያንዳንዱ ድርሻ ቢመዘን አንድ ባልዲ ውሃ ነው። በአንድ ባልዲ ውሃ ቤት አይፈርስም። ቤቱ ግን ፈርሷል።

ይህን ዓይነቱን ነገር ዲናችን ሳያነሳው አላለፈም። ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ.) ባወሩትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ መርከብ ላይ ስለተሳፈሩ ሰዎች ምሳሌ ሰጥተዋል። ከታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የላይኞቹን ያስቸግራሉ። ስለዚህ በራሳቸው ድርሻ ላይ ቀዳዳ ቢበሱ ማንንም የማያስቸግሩ መሰላቸው። የላይኞቹ ዝም ካሏቸው ሁሉም ይሰምጣሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ልብ በሉ፤ ቀዳዳ ሊበሱ ያሰቡት ሰዎች ክፋት አላሰቡም፤ እንዲያውም ጎረቤትን ላለማስቸገር ብለው ነበር። ስህተታቸው የእኔ ድርሻ የሚለውን ቃል ከመርከቡ ነጥለው ማሰባቸው ነው። የመርከብ ወለል በካርታ ቢከፋፈል እንኳ ከሥሩ ያለው ውሃ አይከፋፈልም። በኢሉባቦር ሸለቆዎች ደግሞ መርከቡ ተገልብጧል፤ ቀዳዳውን የሚበሳው ብዙ ጊዜ የላይኛው ነው፣ የሚሰምጠውም የታችኛው።

ሌላም አለ። ዙበይር (ረ.ዐ.) እና አንድ የመዲና ሰው በመስኖ ውሃ በተከራከሩ ጊዜ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከላይ ያለው ዙበይር የሚበቃውን አጠጥቶ ቀሪውን ወደ ጎረቤቱ እንዲለቅ ፈርደዋል። የላይኛው ሰው መብት አለው፤ መብቱ ግን በጎረቤቱ ላይ ያበቃል። ያ ክርክር በውሃ ማነስ ላይ የተነሳ ነበር። የእኛ ክርክር ደግሞ በውሃ መብዛት ነው። ሚዛኑ ግን አንድ ነው፤ ከእናንተ አልፎ ወደ ጎረቤት የሚሄደው ውሃ የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ ሆኖ አይሂድ። ሰው በራሱ ላይም ሆነ በሌላው ላይ ጉዳት እንዳያደርስ የሚያዘው የሸሪዓ መሠረትም ወደዚሁ ይመራናል።

ታዲያ ለእያንዳንዱ ባልዲ ውሃ እያንዳንዳችን ተጠያቂዎች ከሆንን፣ በባልዲው ልክ ነው ወይስ በፈረሰው ቤት ልክ? ለዚህ ዑለማዎቻችን ፈርድ ኪፋያ የሚሉት ነገር መልስ ይሰጠናል። ለጀናዛ እንደሚሰገደው ሰላት ነው። የተወሰኑ ሰዎች ከሠሩት ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ካልሠራው ግን ወንጀሉ በሁሉም ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱም ተካፍሎ አያንስም። ይህ ምክንያት ያስኬዳል ብለን እናምናለን፤ የአንድ ሰፈር የውሃ ማረፊያ እንዲህ ያለ የጋራ ግዴታ ነው። ቦዩ ሳይጠረግ፣ ጨፌው ሳይከለል ከቀረ ማንም እኔ አንድ ፌስታል ብቻ ነው የጣልኩት ብሎ አያመልጥም።

ሁሉ ነገር በቀደር አይደለምን?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። ጎርፍና ድርቅ በአላህ እጅ ነው፤ ሰው ምን ሊያመጣ ነው የሚል። በእርግጥ አንድ ጠብታ እንኳ ያለ አላህ ፈቃድ አይወርድም። ነገር ግን በቲርሚዚ እንደተዘገበው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ ነው ያዘዙት። ተወኩል የእጅ ሥራን አይተካም፤ የእጅ ሥራ ካለቀ በኋላ ልብን ያሳርፋል።

በ1998 ዓ.ም የሐምሌ ወር መጨረሻ በድሬዳዋ የደረሰውን እናስታውስ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሚታይበት የደቻቱ ወንዝ፣ ከላይ በተራቆቱት ተራሮች ላይ በጣለው ዝናብ በድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። ለሞቱት አላህ ይዘንላቸው። ዝናቡ ቀደር ነበር። የተራሮቹ መራቆትና ድሆች ሌላ ቦታ አጥተው በወንዙ አፋፍ መኖራቸው ግን የሰው እጅ ያለበት ነው። እጃችን ያለበትን ነገር ሁሉ ወደ ቀደር መወርወር ለአላህ ያለንን አክብሮት አያሳይም፤ ከሒሳብ መሸሽ ነው። በደረሰ መከራ ላይ ሶብር እናደርጋለን፤ ገና ላልደረሰው ግን እንዘጋጃለን። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህንኑ ነው።

የድሃው በቆሎስ?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ በሐቅም ሊመለስ ይገባዋል። ጨፌው ይከለል፣ የወንዝ ዳሩ ይጽዳ ስንል ማንን እያስነሳን ነው? በጨፌው ውስጥ በቆሎ የሚዘራው ብዙውን ጊዜ ሌላ መሬት የሌለው ነው። በወንዝ አፋፍ ጎጆ የቀለሰው ሌላ ቦታ መግዛት ያልቻለው ነው። ኢሉባቦር በ1977 ዓ.ም ድርቅ ምክንያት ከወሎ ብዙ ቤተሰቦች ተወስደው የሰፈሩበት አገር ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። የተራቆተ መሬት ሰውን እንዴት አድርጎ ከቀዬው እንደሚያፈናቅል በአካላቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። በአንድ በኩል ዛፍና ምንጭ ምን ማለት እንደሆነ ከእነርሱ በላይ የሚነግረን የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ለተራበ ልጅ አባት ዛሬ አትረስ፣ የሩቅ ጎረቤትህ ነገ በጎርፍ እንዳይጎዳ ማለት እንዴት ያለ ፍትሕ ነው?

መልሱን ከዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) እንማር። በዘመናቸው ሒማ የሚባል ለጋራ ጥቅም የተከለለ የግጦሽ መሬት ነበር። ጠባቂውን ሲሾሙ የሰጡት መመሪያ በቡኻሪ ተዘግቧል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የባለጠጎቹን የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስቀድም አዘዙት። ምክንያቱንም ገለጹ፤ ባለጠጋው ከብቱ ቢያልቅ ወደ ተምር እርሻው ይመለሳል፤ ድሃው ግን ከብቱ ሲያልቅ ልጆቹን ይዞ ወደ መሪው ደጅ ይመጣል።

ሱብሓነላህ! የተከለለ መሬት ሕግ ከዚህ በላይ እንዴት ይነገራል? መሬቱ ይከለል፤ ነገር ግን በሩ መጀመሪያ የሚዘጋው በባለጠጋው ላይ ይሁን። ስለዚህ በመቱም ሆነ በሌላ ከተማ ረግረግና የወንዝ ዳር ሲከለል፣ አስቀድሞ የሚነሳው መሬት ይዞ ለትርፍ የሚደለድለው እንጂ የሚበላው የሌለው አይሁን። የሚነሳው ድሃም ምትክ መሬት ወይም ሥራ አስቀድሞ ይሰጠው። ቀጤማ አጭዶ መሸጥ፣ ከጨፌው ዳር ንብ ማነብ፣ ችግኝ ማፍላት ለዚሁ ሰው ቢሰጡ ጠባቂው ራሱ ይሆናል። በኢሉባቦር የቆየው የአባ ላጋ ሥርዓትም ይህን ያግዛል። ጨፌውን የሚጠቀሙት ሰዎች ከመካከላቸው አንድ ኃላፊ ይመርጡና፣ ቦዩ መቼ እንደሚቆፈር፣ መቼ እንደሚደፈን፣ ከብት መቼ እንደማይገባ በእርሱ አማካይነት ይስማማሉ። ባለቤት የሌለው አረንጓዴ መሬት ዕድሜ የለውም፤ ድሃውን ያገለለ አረንጓዴ መሬት ደግሞ በረካ የለውም።

መትከል ወይስ ማሳደግ?

ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በአገራችን በአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ሲተከል እናያለን። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻዎችን የማልማት ሥራ ተጀመረ። መልካም ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገር እንዳንረሳ እንለምናችኋለን።

አንደኛው፣ የሚቆጠረው የጸደቀው እንጂ የተተከለው አይደለም። ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ከበላለት ለተከለው ሰው ሶደቃ እንደሚሆንለት በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ተክል ፍሬ እስከማፍራት የደረሰው ነው። ልጆቻችሁ በክረምት የተከሉትን ችግኝ በጥር ወር ያጠጡት እንደሆነ ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ዛፍ ሁሉ በሁሉም ቦታ ደግ አይደለም። ባህር ዛፍ ለማገዶና ለአጣና ባለውለታችን ነው፤ በምንጭ ራስና በጨፌ ጠርዝ ላይ ግን ውሃውን ይጠጣዋል። እዚያ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሾላ ይሻላል። ለተዳፋትና ለቦይ ዳር ደግሞ ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት በኢሉባቦር ያስፋፋው የቬቲቨር ሣር አለ፤ ሥሩ በጥልቀት ቁልቁል ስለሚወርድ አፈርን አጥብቆ ይይዛል። ከያዮ ጫካ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ቡና ራሱ በቅሎ የሚገኝበት ይህ 167,021 ሔክታር የያዘ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው ሰው ተባርሮ አይደለም። ሰው ከጫካው ቡናና ማር እየለቀመ፣ ጫካውም እየቆመ ነው። ጥቅምና ጥበቃ ጠላቶች አለመሆናቸውን ይህ ያሳያል።

ከቤት እስከ መስጊድ

ታዲያ ምን እናድርግ? የማዘጋጃ ቤቱን ሥራ ማዘጋጃ ቤቱ ይሥራ፤ መጠየቅም መብታችን ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2022 በዋና ከተማዋ በኪጋሊ ተጎድቶ የነበረውን ኒያንዱንጉ የተባለ ረግረግ አድሳ ለሕዝብ መናፈሻ ከፍታለች፤ ውሃውንም ይይዛል፣ ሕፃናትም ይዝናኑበታል። ይህን ከእኛ ብዙም ያልበለጠ ዐቅም ያለው አገር ከሠራው፣ መቱና ጎሬም ገና ያልተደለደሉትን ጨፌዎች በከተማቸው ፕላን ላይ በአረንጓዴ ቀለም ሊከልሉ ይችላሉ። ከደለደሉ በኋላ መመለስ ከባድ ነው፤ ሳይደለድሉ መተው ግን ወጪው ጥቂት ነው።

የቤት ሥራችን ደግሞ የእኛ ነው። ለጣሪያችሁ አሸንዳ አድርጉለት፤ በሥሩም በርሜል ወይም ሮቶ አስቀምጡ። ከሞላ በኋላ የሚተርፈው ወደ ጎረቤት አጥር ሳይሆን በጓሯችሁ ወደ ተቆፈረና ድንጋይ ወደ ተሞላ ጉድጓድ ይግባ። ግቢውን ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ አታልብሱት፤ ለእንሰቱ፣ ለሙዙ፣ ለሣሩ ቦታ ተዉለት። ቦዩን ከጎረቤቶቻችሁ ጋር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት፣ ክረምት ሳይገባ ጥረጉት። ጎርፍ የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ጉርብትናም እንዲሁ።

መስጊዶቻችንም ምሳሌ ይሁኑ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዉዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ እንደሆነ ተዘግቧል። እኛ ቧንቧ ከፍተን ስንት ሊትር እናፈሳለን? የሚፈሰው የዉዱእ ውሃስ ለምን መንገድ ላይ ጭቃ ይሆናል? በመስጊዱ ግቢ ላሉት ዛፎች ቢመራ ከስግደት የሚወጣው ሰው ጥላ ያገኛል። የመቃብር ቦታዎቻችንን ዛፎች እንጠብቅ። ዐቅም ያላቸው ወንድሞችና እህቶች ደግሞ አንዲት ምንጭና በዙሪያዋ ያለውን መሬት ለሕዝብ ወቅፍ ቢያደርጉ፣ ከሞቱ በኋላም የማይቋረጥ ሶደቃ ጃሪያ ይሆንላቸዋል።

የማናየው ጎረቤት

የመቱ ውሃ ወደ ሶር ይገባል። ሶር ወደ ጌባ ይገባል። ጌባና ብርብር ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ፤ ባሮም በጋምቤላ አልፎ፣ በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ይደርሳል። ስለዚህ ከጣሪያችን የወረደው ውሃና ወደ ቦዩ የጣልነው ቆሻሻ ፊታቸውን አይተን የማናውቃቸውን ሰዎች ደጅ ይረግጣል። ጎረቤት እስከ ምን ድረስ ነው ለሚለው ጥያቄ ዑለማዎች በቤት ቁጥር ተነጋግረዋል። በዚህ ዘመን ግን ጉዳታችን እስከደረሰበት ድረስ ያለው ሁሉ ሐቅ ሊኖረው ይገባል ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ እኔ አንድ አሸንዳ ባደርግ ዓለም ይቀዘቅዛል ወይ ይል ይሆናል። አይቀዘቅዝም። ነገር ግን ቂያማ ሊቆም ቢቃረብ እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸው በአሕመድ ተዘግቧል። ያ ችግኝ ለማንም ጥላ አይሆንም፤ ፍሬውንም የሚበላ የለም። እንዲተከል የታዘዘው አማኝ ሥራውን በውጤቱ ብቻ ስለማይመዝን ነው። የእኛ ችግኝ ግን፣ ኢንሻ አላህ፣ ጥላም ይሆናል፣ ውሃም ይይዛል። ተስፋ በሌለበት መትከል ከታዘዘ፣ ተስፋ ባለበት አለመትከል ምን ይባላል?

እንግዲህ ከጣሪያችን የሚወርደው ውሃ የማን ነው? የአላህ ነው። በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ በእጃችን ያለ አማና ነው። ከአጥራችን ሲወጣ የጎረቤታችን ሐቅ ነው። ይህን ከሚያውቁትና አውቀውም ከሚሠሩበት ያድርገን። ዝናባችንን የእዝነት እንጂ የጥፋት አያድርግብን። አሚን። ወላሁ አዕለም።